ዘግይቶ የሚያብበውን ሰላጣ መርጬ ብዘራም ልጆቹ ተበታተኑብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አረንጓዴ ሮሜይን (ረጅም ቅጠል ያለው የሰላጣ ዓይነት) እናት፣ ቀይ ቅጠል ያለውን ሰላጣ አባት አድርጌ አዳቅያለሁ። ሰላጣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ጠዋት አበባው እንደተከፈተ ብናኙን በውሃ መርጫ ሁለት ሦስቴ አጥቤ፣ ጠብታው ሲደርቅ የአባቱን አበባ አሸሁበት። ቀዩ ቀለም አረንጓዴውን ስለሚያሸንፍ የተዳቀለው ቀይ መሆን አለበት፤ ከ60 ችግኝ ግን ቀይ የሆኑት 11 ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ የእናትየው ብቻ ልጆች ስለሆኑ ነቀልኳቸው።

ሁለተኛው ትውልድ 70 ቀይ፣ 26 አረንጓዴ ሰጠ። እንደሚጠበቀው 3 ለ1 ገደማ ነው፣ እስከዚህ ደህና። ያስቸገረኝ የአበባ ግንድ የሚያወጣበት ጊዜ ነው፦ ከ52 እስከ 81 ቀን። በጣም የዘገዩትን 5 ተክሎች ዘር ለየብቻ ዘራሁ፤ ልጆቻቸው እንደገና ከ55 እስከ 78 ቀን ተበታተኑ። አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። ቀኑን የቆጠርኩት ከተዘራበት እንጂ ከበቀለበት አይደለም። አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የሰላጣ ዘር ስለሚያንቀላፋ፣ ዘግይቶ የበቀለውን ዘግይቶ የሚያብብ ብዬው ይሆናል።

አሁን ከእያንዳንዱ መስመር (የአንድ ተክል ልጆች) 20 ተክል በ3 ድግግሞሽ ዘርቼ በአማካይ ልምረጥ? ወይስ ሳልመርጥ ከየተክሉ አንድ አንድ ዘር እየወሰድኩ እስከ አምስተኛው ትውልድ ልግፋ? የዘገዩት ሲያብቡ ዝናብ ስለያዛቸው የቀረኝ ዘር ጥቂት ነው።