የእናቴ አባት ቀይና አረንጓዴን አይለዩም ነበር፤ ለልጄ የሚተላለፍበት ዕድል ምን ያህል ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ አባት ቀይንና አረንጓዴን መለየት አይችሉም ነበር። እናቴ ግን ቀለማትን ያለ ምንም ችግር ትለያለች። እኔም እንደ እርሷ ስሆን፣ ታናሽ ወንድሜ የአያታችንን ወርሷል። በልጅነቱ ዛፍ ሲስል ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ ይቀባ ስለነበር፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ልብ እንደማይል ልጅ ተቆጥሮ ብዙ ተወቅሷል። በቤተሰባችን «ትውልድ እየዘለለ የሚመጣ ነው» ይባላል። የመጀመሪያው ወንድ ልጄ ተመርምሮ ቀለማትን በትክክል እንደሚለይ ተረጋግጧል። አሁን ሁለተኛ ወንድ ልጅ አርግዣለሁ፤ ባለቤቴም ችግሩ የለበትም። የዚህ ልጅ ዕድል ምን ያህል ነው? የወንድሜ ልጆችስ?

መልስ፣ የባዮሎጂ መምህር፦
እንኳን ደስ አለዎት። ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት የሚያስፈልጉት ጂኖች (ከወላጅ ወደ ልጅ ባሕርይን የሚያስተላልፉ መመሪያዎች) የሚገኙት ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖችን በያዘው የሕዋስ ክፍል ላይ ነው። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም ሲኖረው፣ ከእነዚህ መካከል ጾታን የሚወስነው ጥንድ በሴት ሁለት ኤክስ፣ በወንድ ደግሞ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው። ሴት አንደኛው ኤክሷ ጉድለት ቢኖረው ሌላው ስለሚሸፍንላት፣ ራሷ ቀለም እየለየች ጉድለቱን ግን ለልጆቿ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ተሸካሚ የምትባለውም ለዚህ ነው። ወንድ ግን መጠባበቂያ የለውም።

አባት ያለውን ብቸኛ ኤክስ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ይሰጣል፤ ለወንዶቹ የሚሰጠው ዋይን ነው። ስለዚህ እናትዎ ያለ ጥርጥር ተሸካሚ ናቸው። ጉድለቱ ትውልድ አልዘለለም፤ እናትዎ ዘንድ ሳይታይ አልፏል እንጂ። እርስዎ ከሁለቱ የእናትዎ ኤክሶች ጉድለት ያለበትን የወረሱበት ዕድል 50 በመቶ ነው። ተሸካሚ ከሆኑም እያንዳንዱ ወንድ ልጅዎ የሚወርስበት ዕድል 50 በመቶ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 25 በመቶ ይሆናል።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ወንዶች ልጆቹ ከእርሱ ኤክስ ስለማይወስዱ ከእርሱ ሊወርሱት አይችሉም። ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ይሆናሉ፤ ነገሩ እንደ አያታችሁ ሆኖ ይደገማል ማለት ነው።

መልስ፣ የስታትስቲክስ ተማሪ፦
መምህሩ ያስረዱት የአወራረስ መንገድ ትክክል ነው፤ 25 በመቶ የሚለው ግን የመጀመሪያው ልጅ ከመወለዱ በፊት የሚሠራ ስሌት ነው። በጠያቂዋ ሁኔታ ላይ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ወንድ ልጅ የወለዱ አራት ሴቶችን እናስብ። በአማካይ ሁለቱ ተሸካሚዎች፣ ሁለቱ ደግሞ ነጻ ናቸው። የነጻዎቹ ሁለት ልጆች ቀለም ይለያሉ፤ ከተሸካሚዎቹ ልጆች ግን የሚለየው አንዱ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ቀለም ከሚለይላቸው ሦስት እናቶች መካከል ተሸካሚዋ አንዷ ብቻ ናት። ለጠያቂዋ ተሸካሚ የመሆን ዕድል አንድ ሦስተኛ፣ ለሁለተኛው ልጅ የመውረስ ዕድል ደግሞ አንድ ስድስተኛ ይሆናል፤ ይህም ወደ 17 በመቶ ይጠጋል።

የትልቁ ልጅ መወለድ ታናሹ የሚወርሰውን አልለወጠም። የለወጠው ስለ እናቱ ያለንን መረጃ ነው።

መልስ፣ የባዮሎጂ መምህር፦
እርማቱን በደስታ እቀበላለሁ፤ የትልቁን ልጅ ውጤት በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ።

መልስ፣ የዓይን ጤና ባለሙያ፦
ይህ ስሌት ለሁሉም የሰው ባሕርይ እንደማይሠራ መጨመር እወዳለሁ። የዘር ውርስ ተመራማሪው ሜንዴል በ1866 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ አተር ያሳተመው ጥናት ግልጽ ድርሻዎችን ያሳየው፣ የመረጣቸው ባሕርያት እያንዳንዳቸው በአንድ ጂን የሚወሰኑ በመሆናቸው ነው። ቁመትን ግን በጣም ብዙ ጂኖች ከአመጋገብና ከጤና ጋር ተባብረው ይወስኑታል፤ ስለዚህ «የአያቴ ቁመት ለልጄ ይደርሳል ወይ?» ለሚል ጥያቄ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት።

ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ዘንድ እስከ 8 በመቶ ሲደርስ፣ በሴቶቹ ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሴት ልጅ እንዲህ ሆና የምትወለደው ከአባትም ከእናትም ጉድለት ያለበትን ኤክስ ስትወስድ ነው፤ ባለቤትዎ ችግሩ ስለሌለባቸው ሴት ልጅ ቢወልዱ ሊያሰጋዎት አይገባም።

የሚወለደው ልጅዎ በነጠብጣቦች መካከል የተደበቁ ቁጥሮችን ወይም ቅርጾችን መለየት የሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያስመርምሩት። ችግሩ ከተገኘበትም ለመምህሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ ወንድምዎ የተወቀሱበት ነገር በእርሱ ላይ እንዳይደገም ይህ በቂ ነው።