ደጋፊ ሕዋሳትን ወደ ነርቭ ሕዋስ መለወጥ በእርግጥ ተችሏል?

ጥያቄ

አባቴ የፓርኪንሰን ሕመም ከያዛቸው አራት ዓመት ሆናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. አስትሮሳይት የሚባሉትን የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት አንድ ጂን ብቻ በማዳከም ዶፓሚን (በፓርኪንሰን ሕመም የሚጓደለውን የአንጎል ኬሚካል) አመንጪ ነርቭ ሕዋሳት ማድረግ እንደተቻለ፣ የታመሙት አይጦች እንቅስቃሴም እንደተመለሰ አንብቤ ትልቅ ተስፋ አድሮብኝ ነበር። ነገሩ ከምን ደረሰ? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ 1

ያነበቡት ፒቲቢፒ1 ስለተባለው ጂን ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ ጂኑን የሚያዳክመውን መሣሪያና የሚያበራ ፕሮቲን በቫይረስ አሳፍረው ወደ አንጎል ያስገባሉ፤ ቫይረሱ የጫነው ጂን በአስትሮሳይት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ታስቦ የተበጀ ነው። ከሳምንታት በኋላ ነርቭ ሕዋሳት ሲያበሩ ስለታዩ፣ ቀድሞ አስትሮሳይት ነበሩ ተባለ።

በ2021 በዳላስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ግን ቫይረሱን ከመስጠታቸው በፊት አስትሮሳይቶቹን ታሞክሲፌን በተባለ መድኃኒት አማካይነት በማይፋቅ የዘር ምልክት ለዩአቸው። ምልክቱ ሕዋሱ ቢለወጥም አብሮት መቆየት ነበረበት፤ ሆኖም የሚያበሩት ነርቭ ሕዋሳት ምልክቱ አልነበራቸውም። በአስትሮሳይት ብቻ እንዲሠራ የታሰበው ጂን ከቁጥጥሩ ሾልኮ ቀድሞውኑ በነበሩ ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሠርቷል ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህን ፈተና ያላለፈ የለውጥ ዜና ሁሉ ገና ያልተረጋገጠ ነው።

መልስ 2

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መስኩ በሙሉ ፈርሷል ብለው እንዳያዝኑ። ዚብራ የተባለው ዓሣ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ሲጎዳ ሙለር የሚባሉት ደጋፊ ሕዋሳት ተከፋፍለው አዳዲስ ነርቭ ሕዋሳት ይተካሉ። የአጥቢ እንስሳት ሙለር ሕዋሳት ይህን በራሳቸው አያደርጉም። በ2017 ግን በአዋቂ አይጦች ላይ አስክል1 የተባለውን ጂን በመቀስቀስና የታሸገውን ዲኤንኤ የሚያላላ መድኃኒት በመጨመር፣ ከተጎዳ ሬቲና ሙለር ሕዋሳት ነርቭ ሕዋሳት ተገኝተዋል፤ ለብርሃንም ምላሽ ሰጥተዋል። እዚህ የዘር ምልክቱ ከመነሻው ነበር፤ ለዚህም ነው ውጤቱን የማምነው።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። አስትሮሳይቶቹ በእርግጥ ቢለወጡስ፣ የድጋፍ ሥራቸው አይጓደልም?

መልስ 1

ተገቢ ስጋት ነው። አስትሮሳይቶች ከነርቭ ሕዋሳት መገናኛ የተረፈውን ግሉታሜት የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ያነሣሉ፤ ካልተነሣ ነርቭ ሕዋሳቱን ይመርዛል። በጉዳት ጊዜ የመከፋፈል ችሎታ ስላላቸው የጎደለውን ሊተኩ ይችላሉ ይባላል፤ እንዲያም ሆኖ በተጎዳ አንጎል ውስጥ ከእነሱ ላይ መቀነስ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ለአባትዎ ግን በዚህ መንገድ የተፈቀደ የፓርኪንሰን ሕክምና ስለሌለ፣ እንሰጣለን የሚል ቢያጋጥምዎ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከታተሏቸውን ሐኪም ያማክሩ።