የኦም ሕግን በተግባር ለማስተማር ሲሙሌሽን ወይስ ኪት? ጥቆማ ስጡኝ

ጠያቂ፦ ለ10ኛ ክፍል፣ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ። ቮልቴጅ የከረንትና የሙግደት (ከረንትን የመቋቋም ባሕርይ) ብዜት መሆኑን በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር በሚታይ ሙከራ) ወይስ በኪት (በእውነተኛ ዕቃዎች) ላሳይ? የቱ ይሻላል?

ቤተሙከራ፦ ኪት። ለአምስት ተማሪ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ አራት፣ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (ከረንትን የሚገድብ) አንድ፣ መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት መለኪያ) ሁለት። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየጨመሩ ቮልቴጁንና ከረንቱን መመዝገብ ነው፤ 6 ቮልት ላይ 27 ሚሊአምፔር ገደማ ያነባሉ። 100 ኦም አታድርጉ፤ በ6 ቮልት 0.36 ዋት ስለሚያርፍበት የሩብ ዋቱ ሬዚስተር ይግላል። አምፖልም አይሆንም፤ ክሩ ሲግል ሙግደቱ ስለሚጨምር ግራፉ ይጎብጣል።

ኤሌክትሮን፦ ኪት አትግዙ! በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከአሥሩ መልቲሜትር የስምንቱ ፊውዝ ተቃጠለ። ሻጩም መለዋወጫ የለኝም አለ።

ቤተሙከራ፦ ጥፋቱ የኪቱ አይደለም። መቀየሪያው አምፔር ላይ እያለ ሁለቱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ ካስነኩት፣ የመለኪያው ሙግደት በጣም ትንሽ ስለሆነ ፊውዙ ወዲያው ይበጠሳል። ቮልት በፓራለል (ከሬዚስተሩ ጎን)፣ ከረንት በሲሪየስ (በመስመሩ መሃል) ነው የሚለካው።

ኤሌክትሮን፦ 50 ተማሪ ማን ይቆጣጠራል?

ፎቶን፦ ፌት (PhET) የሚባለው የኮምፒውተር ሲሙሌሽን እያለ ምን ያጨቃጭቃችኋል? በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሾርት ሲያደርጉት (የድንጋዩን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ሲያገናኙ) ድንጋዩ በእሳት ሲያያዝ ያያሉ። ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ካታላይስት፦ ፊኖልፍታሊን (አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ ኬሚካል) ላጣችሁ፦ ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። አሲድ ላይ ይቀላል፣ ቤዝ ላይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ለቲትሬሽን (የአሲድ ወይም የቤዝ መጠንን በጠብታ ለመለካት) ግን አይሆንም፤ ቀለሙ የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው።

ሙግደት፦ ጥያቄው እኮ ስለ ሰርኪት ነው! ፎቶን፣ ውሃ ዋና በሥዕል ይማሩታል? ስክሪን ላይ የላላ ሽቦ የለም፤ ተማሪው ስህተት ፈልጎ ማግኘትን የሚማረው ግን ከላላው ሽቦ ነው።

ፎቶን፦ እኔ ከፌት አልወርድም።

አኖድ፦ የፊውዙ ነገር መላ አለው። አንዱን መልቲሜትር ቮልት፣ ሌላውን 200 ሚሊአምፔር ላይ አድርጋችሁ መቀየሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ድንጋዩ መጨረሻ ይገጠም፤ ያም መምህሩ ሰርኪቱን በዓይኑ ካየ በኋላ። 10 አምፔር የሚለውን ቀዳዳ አታስነኩ፤ በብዙ ርካሽ መለኪያዎች ላይ ፊውዝ የለውም። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ሽቦ መጠምጠምም አይገባም። ፌትን ከኪቱ በፊት 15 ደቂቃ ለግምት ተጠቀሙበት፤ ንባቡን አስቀድመው ይጻፉና በኋላ ከለኩት ጋር ያስተያዩት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፊውዙ መጠን የት ነው የሚጻፈው?

አኖድ፦ በፊውዙ ጫፍ ካለው ብረት ላይ፣ ወይም በመለኪያው ፊት ከቀዳዳው አጠገብ።