«ጽዋሽ ፈስሷል» ሲባል ምን ተባለ? (ስለ ታሮት ካርታ ጽዋዎች)

ወለተ ሐይቅ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የቃል ወዳጆች። ሐዋሳ ውስጥ ካርታ ለምትገልጥ ጓደኛዬ ከታሮት ካርታዎቿ ጋር የመጣውን የማብራሪያ ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለስኩላት ነው። ካርታው በጠቅላላ 78 ሲሆን 22ቱ ዐቢይ የሚባሉት ናቸው፤ የቀሩት 56ቱ ደግሞ አሥራ አራት አሥራ አራት ሆነው በአራት ወገን ይከፈላሉ። የተቸገርኩት ጽዋ ባልኩት ወገን ላይ ነው። ወረቀቱ ይህን ወገን ከውኃ ጋር ያዛምደውና የፍቅር፣ የስሜትና የዝምድና ነው ይላል። ነገር ግን ጓደኛዬ አምስተኛውን ካርታ ለአንዲት ደንበኛ ገልጣ «ጽዋሽ ፈስሷል፤ ሁለት ግን ቀርቶልሻል» ስትላት፣ አብረዋት የመጡት አክስቷ «በስመ አብ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ብለው ልጂቱን እጇን ይዘው ወጡ። ሥዕሉ እንዲህ ነው፦ ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከፊቱ ሦስት ጽዋዎች ተጋድመዋል፤ ከኋላው ሁለት ቆመዋል፤ ከማዶ ወንዝና ድልድይ ይታያል። ሞት የሚባል ነገር የለበትም። ጥያቄዬ፣ ሴትየዋ የሰሙት ሟርት ከየት መጣ? «ጽዋ»ን ትቼ «ዋንጫ» ወይም «ኩባያ» ብለውስ ይሻላል?

የአሞራ ገደሉ፦
እኅቴ፣ «ዋንጫ» ካልሽ አለቀልሽ። በአሥረኛው ካርታ ላይ ባልና ሚስት ተቃቅፈው፣ ሁለት ልጆች እየጨፈሩ፣ ጽዋዎቹ በቀስተ ደመና ላይ ተደርድረው ይታያሉ። «አሥር ዋንጫ» ብለሽ ብትጽፊው አንባቢው ቀስተ ደመናውን ትቶ የየትኛው ክለብ እንደሆነ ይጠይቅሻል። «ኩባያሽ ፈስሷል» ካልሻት ደግሞ ደንበኛዋ መወልወያ ታመጣለች።

ግስ ወዳጅ፦
ጥያቄው ከሥሩ ካልተያዘ መልስ አያገኝም። በግእዝ መጠጫው «ጽዋዕ»፣ ጠራ ማለት ደግሞ «ጸውዐ» ነው። ፊደሎቹ አንድ ናቸው። ስለዚህ ጽዋ ማለት እንግዳ የሚጠራበት፣ ወይም ተጠሪው የሚቀበለው ዕቃ ማለት ነው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ዳዊት ነው፤ «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ፥ የእግዚአብሔርንም ስም እጠራለሁ» ይላል። በግእዙ ጽዋዕና እጼውዕ በአንድ ቁጥር ተገናኝተዋል። ሴትየዋም «ጽዋሽ ፈስሷል» ሲባል የሰሙት «ተጠርተሻል» የሚለውን ነው፤ መጠራት ደግሞ በእኛ አነጋገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዲያቆን ዘታቦር፦
ወንድሜ ግስ ወዳጅ፣ ግስ መውደድና ግስ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጠቀስከው ቁጥር በዕብራይስጡ ጽዋው «ኮስ»፣ ጥሪው «ቃራ» ነው፤ በድምፅ አይመሳሰሉም። የመዝሙሩ ሐሳብ ያለ ግእዙ ግጥምጥሞሽም የቆመ ነው፤ የእኛ ተርጓሚዎች በቋንቋቸው የገጠመላቸውን አገኙ እንጂ ሥሩን አላስተማሩም። በተነባቢ መገጣጠም ብቻ ዝምድና የሚቆጠር ከሆነ፣ «ዋና» ማለት መዋኘትም ታላቅም ነውና ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባ ጎረምሳ ሁሉ ዋና ሰው ሊሆን ነው። ካርታ መግለጡን አልባርክም፤ ቃሉን ግን በዝምታ አላልፈውም።

የአሞራ ገደሉ፦
ዲያቆን፣ በዚህ መንገድ ከሄድን እኔ የከተማው ዋና ሥራ አስኪያጅ ነኝ።

ግስ ወዳጅ፦
ዲያቆን ከመንበራቸው ሆነው ቢገሥጹኝም የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት እኔም አገላብጫለሁ።

ዲያቆን ዘታቦር፦
እርሱ መጽሐፍ በአበገደ ተራ ነው የተደረደረው። በሀለሐመ ለለመደ ሰው ጸን እስኪያገኝ ድረስ ጸሎት ያስፈልገዋል።

እትዬ ድርሳን፦
ልጆቼ፣ ሥሩን ለጊዜው ተዉትና ዕቃው ራሱ ከየት እንደመጣ ላስረዳችሁ። የታሮት ካርታ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ የታወቀው መጫወቻ ሆኖ ነው። ለጥንቆላ መዋሉ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ነው፤ ከግብፅ የተገኘ ጥበብ ነው የሚለውን ወሬ በ1781 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው ኩር ደ ዤብላን ለዚህ የረባ ማስረጃ አልነበረውም። አራቱ ወገኖች ግን ከታሮት ይቀድማሉ፤ በመካከለኛው ዘመን ግብፅንና ሶርያን ይገዙ በነበሩት በመምሉኮች ካርታ ላይ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ የገንዘብ ዲናርና የፖሎ (በፈረስ ሆኖ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ) መምቻ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፈ የካርታ ስብስብ ኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በፈረንሳዩ ካርታ፣ ማለትም እኛ ቡና ቤት በምናውቀው፣ ጽዋው ከልብ ጋር ይነጻጸራል። ወለተ ሐይቅ የጠቀስሻቸው ሥዕሎች አርተር ኤድዋርድ ዌይት ያሰናዳውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው የ1909 እ.ኤ.አ. ካርታ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት በአብዛኞቹ ካርታዎች አምስተኛው ላይ ያዘነ ሰው የለም፤ አምስት ጽዋ ተደርድሮ ነው የሚታየው። ሐዘኑ የሠዓሊዋ ነው።

ዲያቆን ዘታቦር፦
እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጀመሪያውን ካርታ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ከደመና የወጣ እጅ ጽዋ ይዟል፤ ርግብ መስቀል ያለበትን ክብ ኅብስት በአፏ ይዛ ወደ ጽዋው ትወርዳለች። ይህ እንግዲህ ከቤተ መቅደስ የተወሰደ ነው፤ ጻሕል ለሥጋው፣ ጽዋዕ ለደሙ እንደሚባለው ሁሉ የሥዕሉ ጽዋ የቍርባን ጽዋ ነው። ስለዚህ ተርጓሚዋ «ጽዋ» ማለቷ ሥዕሉን በትክክል መከተል ነው። ስሕተቱ ያለው በስሙ ላይ ሳይሆን በግሡ ላይ ነው። ጽዋ አይፈስም። የሚፈሰው በውስጡ ያለው ነው፤ ጽዋ ይደፋል፣ ይገለበጣል።

ግስ ወዳጅ፦
«ማሰሮው ፈሰሰ» አንልም እንዴ?

ዲያቆን ዘታቦር፦
«ማሰሮው ያፈስሳል» እንላለን፤ ያ ማለት ተሰንጥቋል ነው። «ፈሰሰ» የምንለው ጠላውን ነው።

ግስ ወዳጅ፦
እናቴ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ «ድስቱ ፈሰሰ» ትላለች። ወጡ ማለቷ እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ዕቃውን ጠርቶ ይዘቱን ማሰብ ቋንቋ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ «ይህን ጽዋ ጠጣ» ሲባልም ማንም ሸክላ አይውጥም።

ዲያቆን ዘታቦር፦
ለእናትህ ሙሉ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በራእይ ምዕራፍ 16 ሰባቱን መላእክት የቍጣውን ጽዋዎች በምድር ላይ አፍስሱ ብሎ ያዛቸዋል። እዚያ «አፍስሱ» የተባለው አድራጊ ግሥ ነው፤ መልአኩ ያፈስሳል፣ ቍጣው ይፈስሳል። ለሰንበት ተማሪ ግን ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲሰሙ መቅሠፍት ይመጣበታል። የደንበኛዋ አክስት የሰሙት ይህንን ነው እንጂ መጠራትን አይደለም። ሰባተኛውን ካርታ ቢያዩ ኖሮማ ከቦታው በሩጫ ይወጡ ነበር፤ በደመና ላይ ሰባት ጽዋ፣ ከአንዱ እባብ፣ ከአንዱ ዘንዶ ብቅ ብሎ።

ወለተ ሐይቅ፦
ሰባተኛው እንኳ በወረቀቱ የቅዠትና የምርጫ መብዛት ነው የሚለው፤ ግንብ፣ ጌጥ፣ የአበባ ጉንጉን ሁሉ አለበት። ግን ዲያቆን፣ ግሡን ቀይሬ «ሦስት ጽዋ ተደፍቶብሻል» ብል ሟርቱ ይቀንሳል?

የአሞራ ገደሉ፦
«ተደፍቶብሻል» ካልሻትማ ልብሷን ታያለች።

እትዬ ድርሳን፦
ልጄ፣ እኔ የምፈራልሽ ከዚህ ጠለቅ ያለውን ነው። በካርታው ጽዋ ማለት የልብ መያዣ ነው፤ ፍቅር ይሞላበታል፣ ይጎድልበታል፣ ይደፋበታል። በአማርኛ ግን ጽዋ ከስሜት ይልቅ ድርሻ ነው። ማኅበር እንይ። በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ወር በገባ በ19 ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፤ «ጽዋ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ዕቃው የማን እንደሆነ አይደለም፤ የማን ተራ ነው ማለቱ ነው። በመከራውም እንዲሁ ነው፤ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» የተባለው ለአንዱ የተመደበውን ነው። መዝሙር 16፥5 (በግእዙ ዳዊት 15) ደግሞ ሁሉን አስሮ ያስቀምጠዋል፤ «እግዚአብሔር የርስቴ ዕድል ፈንታና ጽዋዬ ነው» ይላል። ዕድል፣ ፈንታ፣ ጽዋ፣ ርስት በአንድ ላይ። ስለዚህ «ጽዋሽ» ብለሽ ባለቤት ስታበጂለት ካርታው ላይ ያለው ስሜት መሆኑ ይቀርና ዕጣዋ ይሆናል። «ጽዋዎቹ» ብትይ ግን ሥዕል ላይ ያሉ ጽዋዎች ሆነው ይቀራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ «ፈሰሰ» ሳይሆን «ሽ» ነው።

ዲያቆን ዘታቦር፦
«ሽ»ን በተመለከተ እትዬ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ድርሻነቱ ከደስታም ይሠራል፤ «ጽዋዬም የተረፈ ነው» የሚለው እኮ ምስጋና ነው።

እትዬ ድርሳን፦
አዎ፣ ድርሻ ደግም ክፉም ይሆናል። የሚገርመው ዌይት ራሱ ስለዚህ አምስተኛ ካርታ ሲጽፍ ሦስቱ ተወስደው ሁለቱ መቅረታቸውን ካነሣ በኋላ የውርስና የአባት ርስት ካርታ ነው፣ ግን የተጠበቀውን ያህል አይደለም ይላል። እንግዲህ ከእኛው ዕድል ፈንታ ጋር እዚህ ላይ ተገናኘ። ጓደኛሽ «ከውርስሽ ሁለት እጅ ቀርቶልሻል» ብትላት ኖሮ አክስቷ ተቀምጠው ቡናቸውን በጨረሱ ነበር።

ግስ ወዳጅ፦
ጽዋ የምሥጢር ማወቂያ መሆኑንስ ማን አነሣ? በዘፍጥረት 44 በብንያም ዓይበት የተገኘው የዮሴፍ የብር ጽዋ ጌታው የሚጠጣበትና ምሥጢር የሚያውቅበት ተብሏል። ጽዋና ጥንቆላ ከካርታው ሦስት ሺህ ዓመት በፊት ተዋውቀዋል።

ዲያቆን ዘታቦር፦
ያን የተናገረው የቤቱ አዛዥ ነው፤ ያስባለውም ዮሴፍ ወንድሞቹን ለመፈተን ነው። ከማስፈራሪያ ሥርዓት አይወጣም።

የአሞራ ገደሉ፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከጽዋዎቹ ካርታዎች በአንዱ ላይ አንድ ወጣት ጽዋ ይዞ ከጽዋው ውስጥ ዓሣ ብቅ ብሎ ያየዋል። ይህ ወጣት ሐዋሳዊ ካልሆነ ማን ነው? እኛ አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት የዓሣ ሾርባ በብርጭቆ የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ልዩነቱ የእኛው ዓሣ አንገቱን አያወጣም።

ወለተ ሐይቅ፦
እርሱ በወረቀቱ «ያልተጠበቀ መልእክት» ነው የተባለው። ለመሆኑ የቀሩትን ሦስቱን ወገኖች ምን ልበላቸው? «ሰይፍ» ምንም አያጣላም። ገንዘቡን «መክሊት» ማለት አስቤያለሁ፤ መምቻውን «በትር»።

ዲያቆን ዘታቦር፦
«መክሊት» ዛሬ ተሰጥኦ ሆኗል፤ «አምስት መክሊት አለሽ» ስትላት ዘፋኝ ልትሆን ነው ብላ ትሄዳለች። «ወርቅ» በዪው።

ግስ ወዳጅ፦
«በትር»ም ስሕተት ነው። እትዬ እንዳሉት ጥንተ ነገሩ የፖሎ መምቻ ከሆነ፣ ጫፉ የተቈለመመ ነው፤ ፖሎን የማያውቁት አውሮፓውያን ቀጥ ያለ ዱላ አደረጉት እንጂ። እኛ ግን ጫፉ የተቈለመመ የጨዋታ ዱላ ስም አለን። የወገኑ ትክክለኛ የአማርኛ ስም «የገና ዱላ» ነው።

ዲያቆን ዘታቦር፦
ፖሎ በፈረስ ላይ ነው፤ ገና በእግር ነው።

ግስ ወዳጅ፦
ጉግስም በፈረስ ነው።

ዲያቆን ዘታቦር፦
በጉግስ ሩር የለም።

ግስ ወዳጅ፦
ካርታውም ላይ ሩር አልተሣለም፤ መምቻው ብቻ ነው ያለው።