12.7 ሚሊሜትር መትረየስ ሁለት ጥይት ተኩሶ ይቆማል፣ እባካችሁ ቶሎ

ጠያቂ፦ የጥበቃ ጀልባችን ፊት ላይ ያለው ብራውኒንግ ሁለት ጥይት ይተኩስና ቀጥ ይላል። ሳቀባብለው አንድ ይልና እንደገና ይቆማል። ጥይቱ አዲስ ነው። ነገ ጠዋት የዒላማ ልምምድ አለ። ነቅለን 25 ሚሊሜትር ብናስገባስ?

ማዕበል፦ ዘይት ቀባው።

መልሕቅ፦ 12.7 ትንሽ ጀልባ ላይ የሚመረጠው ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ነው። ድክመቱ ጀልባው ሲናወጥ ተኳሹም አብሮ መናወጡ ነው። የአሜሪካኖቹ የመርከብ መድፍ ማርክ 38 ሞድ 2 ይህን የፈታው 25 ሚሊሜትሩን ራሱን በሚያረጋጋና ከርቀት በሚታዘዝ ማቆሚያ ላይ አድርጎ ነው። እሱን የሚሸከሙት የሴንቲኔል የጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ግን 47 ሜትር ገደማ ናቸው። የእናንተ ወለል ክብደቱንና ምቱን ይችላል?

ቀይ ባሕር፦ ጠያቂ፣ የመሣሪያ ምርጫውን ለጊዜው ተወው። በርሜሉ በቅርቡ ተፈትቶ ነበር?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ትናንት ለጽዳት። ምነው?

ማዕበል፦ ዘይት አልኩ እኮ።

ሰርዲን፦ ለዓሣ ሁለት ጥይት መች አነሰው 😀

ቀይ ባሕር፦ በርሜሉ ከልክ በላይ ጠብቆ ገብቷል፤ ለዚህ ነው የሚንቀራፈፈው። መጀመሪያ ዝናሩን አውጣ፣ የጥይት ክፍሉን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። አቀባብለህ ቦልቱን (ጥይቱን ገፍቶ የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋውን ብረት) ወደ ፊት ልቀቀው፤ ቃታ አትንካ። ቦልቱን 1.6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ስበህ ጌጁን (የክፍተት መለኪያውን) በቦልቱና በበርሜሉ መካከል አስገባ። 0.202 ኢንች የሚለው መግባት አለበት፣ 0.206 መግባት የለበትም። 0.202 እምቢ ካለ በርሜሉን በአንድ ጥርስ (አንድ ጊዜ ቀጭ እስኪል) ፍታና እንደገና ለካ። በርሜሉ የሚዞረው የመቆለፊያው ጉጥ በቀኝ ጎን ባለችው ክብ ቀዳዳ ሲታይ ብቻ ነው። 0.206 የሚገባ ከሆነ ደግሞ ላልቷል፤ እሱ ይብሳል፣ ቀለሁ ውስጥ ይፈነዳና ሰው ይጎዳል። ይህ ሲያልቅ የመተኮሻ ጊዜውን በጌጅ ለካ፦ በ0.020 ኢንቹ መተኮስ፣ በ0.116 ኢንቹ አለመተኮስ አለበት።

ጠያቂ፦ ጌጁ መጋዘን ነው፣ መጋዘኑ ደግሞ ተዘግቷል። በግምት ሁለት ጥርስ ብፈታስ?

ቀይ ባሕር፦ በግምት አይተኮስም። ጌጁ እስኪመጣ ልምምዱ ይቆይ።

መልሕቅ፦ ማዕበል፣ ጨው ላይ ዘይት ከደረብክ ብረቱን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በስሱ ይቀባል።

ብሎን፦ የጥይት ሳጥኑንም እዩት። ከመግቢያው በጣም ዝቅ ካለ ዝናሩ በገዛ ክብደቱ ይጎተትና መሳቡ ይከብዳል። ደግሞስ ብራውኒንጉ አሮጌው ኤም 2 ነው ወይስ አዲሱ ኤም 2 ኤ 1? ኤ 1 ከሆነ የበርሜሉ ክፍተት ልክ ከፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ በጥርስ አይስተካከልም፤ ያኔ የአሮጌው በርሜል ተገጥሞበት እንዳይሆን አረጋግጡ።