የይዞታዎቹ ወሰን ካርታው ላይ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ሸሸብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ዳር በምትገኝ አነስተኛ የቅየሳ ቢሮ እሠራለሁ። ለውኃ መስመር ዝርጋታ የሚያስፈልግ የ640 ይዞታዎች ወሰን ከቀድሞ ሥራ ተረክቤ ፖስትጂአይኤስ ወደተባለው የካርታ መረጃ ቋት አስገባሁትና ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ከፈትኩት። ሳስገባው የኮኦርዲኔት (ቦታን በቁጥር የሚገልጸውን) ሥርዓት መለያ ቁጥር ጠየቀኝ፤ 32637፣ ማለትም ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ብዬ ሞላሁ።

ከሳተላይት ምስሉ ጋር ሳስተያየው ይዞታዎቹ ቅርጻቸው ሳይዛባ ሁሉም ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ሸሽተዋል። በጽድ የታጠረ አንድ ሰፊ ግቢ አለ፤ በየቀኑ በበሩ ስለማልፍ አልስተውም፤ ካርታው ላይ ግን ወንዝ ውስጥ ገብቷል። ኮኦርዲኔትን ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ በሚያሻግረው ትእዛዝ፣ በኤስቲ ትራንስፎርም፣ ወደ 32637 ልቀይረው ብሞክር ንቅንቅ አላለም። በዚያ ላይ የባለይዞታዎቹ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ቁፋሮው ሊጀመር ነውና እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፣ ከቡራዩ

እኔም ገጥሞኝ ያውቃል። ሁሉንም መርጬ በማውዝ እየጎተትኩ ከምስሉ ጋር አገጣጠምኩት፤ ሥራዬም አለፈ።

መልስ፣ ከሰበታ

ወንድሜ፣ እባክህ በእጅህ እንዳትጎትት። የሳተላይት ምስሉ ራሱ በጥቂት ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል፤ የምስሉን ስህተት በሰው ወሰን ላይ ታትማለህ። ወሰን ደግሞ የሰው ሀብት ነው።

አሸሻሹን በደንብ ስለገለጽክልን ችግሩ ግልጽ ነው። ፋይልህ የተሠራው በአዲንዳን ነው። አዲንዳን ክላርክ 1880 በተባለው ኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ በሚወክል ስሌት) ላይ የቆመ የቆየ የልኬት መነሻ ሲሆን የድሮ ካርታዎቻችን በእሱ የተሠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ቦታ የአዲንዳን ኮኦርዲኔት ከደብሊውጂኤስ 84 ወደ ምሥራቅ በ95፣ ወደ ሰሜን በ207 ሜትር ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአዲንዳኑን ቁጥር በ32637 ስም ስታስገባው ግቢው ወንዝ ውስጥ ወደቀ።

ትራንስፎርም ያልሠራው ለምን መሰለህ? ሠንጠረዡ ቀድሞውኑ «32637 ነኝ» ይላል፤ ከ32637 ወደ 32637 ምን ይለወጣል? መጀመሪያ የተሳሳተውን ስም አርም። የሠንጠረዡን ቅጂ አስቀምጥና አፕዴት ጂኦሜትሪ ኤስአርአይዲ በተባለው ትእዛዝ የሥርዓቱን ቁጥር 20137 አድርገው፤ ይህ የአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። በዚህ ጊዜ አንድም ነጥብ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በኤስቲ ትራንስፎርም ወደ 32637 ስትወስደው ኮኦርዲኔቶቹ በእርግጥ ይሰላሉ።

መልስ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ

የሰበታው ወንድማችን ባለው ላይ የምጨምረው ስለ ስሞቹ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፊደል ጠፍቷል፤ ከዚያ አይመለስም። ዋናውን ሼፕፋይል (የተረከብከውን የካርታ ፋይል) ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ከፍተህ ስሞቹ በትክክል ከተነበቡ እንደገና አስገባው። የዓምድ ርዕሶችንም ተመልከት። ሼፕፋይል ለዓምድ ስም የሚሰጠው ቦታ 10 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከሦስት ፊደል በላይ አይተርፍም። «ባለይዞታ» ያልከው «ባለይ» ሆኖ ይቀራል። ፋይሉን የሰጡህን ሰዎች ጂኦፓኬጅ በተባለው ሌላ የካርታ ፋይል ዓይነት እንዲልኩልህ ብትጠይቃቸው ይሻላል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን 20137 አድርጌ ትራንስፎርም ስል ግቢው ከወንዙ ወጥቶ የጽድ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። ስሞቹም በዩቲኤፍ 8 ተነበቡ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ዋናውን ፋይል በኪውጂአይኤስ ስከፍተው ከአዲንዳን የሚያሻግሩ ብዙ አማራጮችን ደርድሮ «የቱን ልጠቀም?» ይለኛል።

መልስ፣ ከሰበታ

የኢትዮጵያውን ምረጥ፤ በሦስቱ አቅጣጫዎች በ−165፣ −11 እና 206 ሜትር የሚያሻግረውን። ለመላው የአዲንዳን ክልል በአማካይ የወጣው −166፣ −15 እና 204 ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ቢሆንም ለአጥር ብዙ ነው። ፖስትጂአይኤስም የትኛውን እንደተጠቀመ በግምት አትለፈው። ኮኦርዲኔቱ የታወቀ የቅየሳ ነጥብ በአቅራቢያህ ካለ አሻግረህ አነጻጽር፤ ከዚያ ሁለት ሦስት የማዕዘን ችካሎችን መስክ ወርደህ በትክክለኛ የቅየሳ ጂፒኤስ ለካ። የስልክ ጂፒኤስ ለዚህ አይበቃም። ቁጥሮቹ ሳይገጥሙ ለቆፋሪዎቹ ምንም እንዳትሰጥ።