ተረት ስነግረው ይስቃል፣ ሲስቅ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ ምን ይሻለኛል?

ቶንዶስ ከፒያሳ፦

ሰላም ወገኖች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ ደንበኞቼ ሕፃናት ናቸው። ገና ጨርቁን ሳላስርላቸው የቶንዶሱን ድምፅ ሰምተው ያለቅሳሉ። ከረሜላ ሞከርኩ፤ ፀጉር እየተለጠፈበት ተውኩት። ስልክ ሰጠኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቀና አንልም አሉ። የቀረኝ ተረት ነው። የጅብና የጦጣውን በአንድ ወር ጨረስኩት። ከዚያ የውጭ አገሩን ጀመርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የሰሜን አውሮፓ ሰዎችን የድሮ ተረት ያዝኩ። ቶር የሚባል የነጎድጓድ አምላክ አላቸው። አንድ ጠዋት ሲነሳ መዶሻው የለም። የሰረቀው ትሪም የሚባል ግዙፍ ነው፤ ከመሬት በታች ቀብሮታል። "ፍሬያን ካልዳራችሁልኝ አልመልስም" አለ። ፍሬያ ቆንጆዋ አምላክ ናት። ይህን ስትሰማ በንዴት ስትተነፍስ የአንገት ሀብሏ ተበጠሰ። ታዲያ አማልክቱ ምን መከሩ? ቶርን ራሱን ሙሽራ አድርገው፣ ቬሎ አልብሰው ላኩት! ተንኮለኛው ሎኪ ደግሞ ሚዜ ሆኖ ተከተለ።

እኔ ይሄን ደሴ አመጣሁት። ትሪም ሽማግሌ ላከ አልኩ። ሙሽሪትን በባጃጅ ጭኜ በሐረጎ ቁልቁል አወረድኳት፤ ጢሟ ከቬሎው ሥር ሾልኮ ይታያል። ድግሱ ላይ ሙሽሪት አንድ በሬና ስምንት ዓሣ ብቻዋን ጨረሰች። እሱ የኔ ጭማሪ አይደለም፣ ድሮም ተረቱ ውስጥ አለ። በላዩ ሦስት ጋን ጠጅ። (መጠጣቸው ከማር ነው፤ ጠጅ ብል አልዋሸሁም። የሙስሊም ልጆች ወንበሩ ላይ ሲወጡ ግን ብርዝ ይሆናል።) ትሪም ደነገጠ። እንዲህ የምትበላ ሙሽራ አይቶ አያውቅም። ሚዜው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አንተን ስትናፍቅ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም!"

ወንበር ላይ ያለው ልጅ በሳቅ ፈነዳ። ጭንቅላቱን ወረወረው። ቶንዶሱ ከጆሮው በላይ እንደ ሐረጎ መንገድ የተጠማዘዘ መስመር አወጣበት። እናቱ መጥታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

በዚያ ላይ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አባት ብድግ ብለው "ልጄ፣ ተረቱን አበላሸኸው" አሉኝና ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ ወጡ።

እና ጠያቂው እኔ፦ የሰው አገር ተረት ላይ የራስን ሰፈር መጨመር ነውር ነው? ሁለተኛ፣ የሚያስቅ ግን ጭንቅላት የማያስወዛውዝ ተረት ያለው ጀባ ይበለኝ።

ሐረጎ ላይ፦

ወንድሜ፣ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። በባጃጅ ሐረጎን? አንድ በሬ የበላች ሙሽራ ጭነህ? ፍሬኑ የት ሊደርስ ነው! ቢያንስ ሚኒባስ አድርገው። ጋቢና አስቀምጣታለሁ፣ የሁለት ሰው ትከፍላለች።

እትዬ ረከቦት፦

ሹፌር፣ ስትሄድ ገና አልበላችም እኮ። ተረቱን አዳምጥ እንጂ።

ወንድምዬ ባለ ቶንዶስ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለ ባጃጁ አትጨነቅ። ተረቱ በመጓጓዣው ላይ አልቆመም። የድሮው ግጥም ላይ ቶር የሚሄደው ፍየሎች በሚጎትቱት ሠረገላ ነው፤ ከፍየል ባጃጅ ቢሻል ነው። ስምንቱን ዓሣ ግን አትንካ። ሎኪ ስምንት ሌሊት የሚለው ስለምን መሰለህ? ዓሣውን አሥር ብታደርገው ጨዋታው ይፈርሳል።

አንድ ነገር ግን አላየሁም። መዶሻውስ? ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ መዶሻው አልተመለሰም። ትሪም ሙሽሪትን ለመባረክ መዶሻውን አስመጥቶ ጉልበቷ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቶርም ያን ጊዜ ልቡ ስቆ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሠርግ ቤት የተረፈ ሰው የለም። አንተ ሙሽራይቱን በልታ ሳትነሳ ተውካት። እኒያ አባት የተናደዱት በባጃጁ ይመስልሃል?

ስለ ሳቁ፦ ሚዜው አፉን ከመክፈቱ በፊት ቶንዶሱን አጥፋ። አንተም አትሳቅ። ኮስተር በል።

ደግሞ የሙያህን ተረት ለምን ትተዋለህ? ሚዳስ የሚባል የፍሪጊያ ንጉሥ ነበር፤ አገሩ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ነው። በዜማ ውድድር መሃል ገብቶ የግሪኮቹ አምላክ አፖሎ ተበልጧል ስላለ አፖሎ የአህያ ጆሮ አበቀለበት። በጥምጣም ሸፈነው። የሚያውቀው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። ለሰው መናገር ፈራ፣ ዝም ማለትም አልቻለ። (ፀጉር አስተካካይ ዝም ማለት አለመቻሉ ያንተን ጽሑፍ ላነበበ ግልጽ ነው።) ጉድጓድ ቆፍሮ "ንጉሡ የአህያ ጆሮ አለው" ብሎ አንሾካሽኮ ደፈነው። በቦታው ሸምበቆ በቀለ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሸምበቆው ምሥጢሩን ያወራ ጀመር። ይሄው ተረት ኮሪያም አለ፤ እዚያ የሚያወራው የቀርከሃ ደን ነው። አየርላንዶች ደግሞ ጆሮውን የፈረስ አድርገውት ምሥጢሩን በገና ያዘፍኑታል። ሁሉም የየሰፈሩን ጨምሯል፣ ማንም ነውር አላለውም።

ቦርከና ዳር፦

አብሽር፣ እኔ ጭንቅላት የማያስወዛውዝ አለኝ። የጋና አካኖች አናንሲ የሚሉት ሸረሪት አላቸው። የዓለም ተረት ሁሉ የሰማይ አምላክ ንያሜ ዘንድ ነበር። አናንሲ ልግዛ አለ። ዋጋው ዘንዶ፣ ነብር፣ ተርብና አንዲት የማትታይ ፍጥረት ነው። ተርቦቹን እንዴት ያዘ? ቅጠል ራሱ ላይ አድርጎ ውሃ ረጨባቸው። "ዝናብ መጣ፣ እዚህ ቅል ውስጥ ተጠለሉ" አላቸው። ገቡለት። ከደነው።

አሁን አስተውል። ተርብ የያዘው ማነው? አንተ! ቶንዶሱ ተርብ ነው። ውሃ መርጫውም እጅህ ላይ አለ። ልጁን "ከተንቀሳቀስክ ተርቦቹ ይነቁብናል" በለው።

ቶንዶስ ከፒያሳ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትዎን ነው፣ እናትየዋ ስትገባ መዶሻውን ረስቼዋለሁ። እኒያ አባት ትናንት ተመልሰው መጡ። ሳይቀመጡ "መዶሻውስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እንዲህ አትልም ነበር!" ብለው ተቀመጡ።

ቦርከና፣ ተርቡ ሠርቷል። አንዱ ልጅ እንዲያውም ትንፋሹን ይዞ ሊታፈን ነበር።

የሚዳስን ግን ባልነገርኩ። ተርኬ እንደጨረስኩ የደሴ ብርድ የነዳው አንድ ሰውዬ የሱፍ ኮፍያውን እስከ አንገቱ ስቦ ገባ። አግዳሚው ላይ ያሉት አምስት ልጆች በአንዴ ጸጥ አሉ። "ጋሼ፣ ኮፍያዎን ያውልቁና ይቀመጡ" ስለው፣ ትንሹ ልጅ ተንጠራርቶ ጆሮዬ ሥር "ጉድጓዱን የት ልቆፍርልህ?" አለኝ።